ሠላሳ ስምንት

ቢጫ ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ ይዤ፣
ከአውቶቡሱ በር ላይ በብርድ ደንዝዤ፣
እቆጥራለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጠዋት ማታ ቆጠራ፤
ለንደን የጫንኩትን፣ አንድ ነፍስ ሳልጥል፣ ማድረስ ኤድንብራ።
ስሜ ሮዌና ነው፣ ደረቴ ላይ አለ፤
የሚያነበው የለም፤ ሁሉም ጃንጥላውን እየተከተለ።

ሰኞ ክብ ድንጋዩን ካጥሩ ማዶ አየነው፤
«ማን አቆመው?» አሉኝ። «አይታወቅም» ነው
የሁልጊዜ መልሴ። «ለምን?» ሲሉኝ ደግሞ
«እሱም አይታወቅም።» አንዱ ሳቀ ቆሞ።
ማክሰኞ ባዝ ከተማ ግማሽ ሰዓት ሰጠኋቸው፤
ፊሊስና ማቪስን፣ መንትዮቹን፣ ጎትቼ ከኬክ ቤት አወጣኋቸው።
ዳኛ የነበረው ኦስበርት የፊት ወንበር አይለቅ፤
ረቡዕ ተራ ቢሉት ሕግ ጠቀሰባቸው፣ መንገዱ እስኪያልቅ።

የንጉሡን ዘመን፣ የግንቡን ርዝመት፣
ማን ማንን እንዳረደ፣ ለየትኛዋ ሚስት፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳልሰማው እላለሁ፤
አፌ ታሪክ ሲያወራ እኔ እቆጥራለሁ።

አንድ ሽማግሌ አለ፣ ከኋላ ወንበር፣
ኢድዋል የሚባል፤ ቃል የማያወጣ፣ የማይጠይቅ ነገር።
ትኬቱን ልጁ ናት ገዝታ የሰጠችው፤
«አባባ፣ አገርህን እየው» ብላ ነው የሸኘችው።
ካሜራ አልያዘም። ካርታም አይዘረጋም።
ሲወርዱ ይወርዳል፤ ሲመለሱ አይቀድም፣ ግን ደግሞ አይዘገይም።
ለቆጣሪ እንዲህ ያለ ሰው በረከት ነው፤
ሳላየው የምቆጥረው።

ሐሙስ ዌልስ ገባን። ዝናቡም አብሮን።
ሾፌሩ ቴሬንስ ማሞቂያውን ጨመረልን።
የከሰል ጉድጓዱ አርባ ዓመት ሆነው ከተዘጋ፤
አሁን ቤተ መዘክር ነው፤ መግቢያው አለው ዋጋ፤
የፕላስቲክ ቆብ ያድላሉ፤ ሻይ ቤትም አለ፣
በከሰል ቅርጽ የተሠራ ጥቁር ከረሜላ፣ በከረጢት ታስሮ የተንጠለጠለ።

አሳንሰሩ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እንደ ልማዴ
ስቆጥር፣ ሠላሳ ሰባት።
ዳግም ሠላሳ ሰባት። ተሸበረ ሆዴ።
ሮጥኩ። ሻይ ቤት የለም። ሽንት ቤትም የለም።
ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠው፤ ቆሜ አላቀናሁትም።

ድሮ ፋኖስ ይታደልበት ከነበረው ክፍል አገኘሁት፤
ከግድግዳው ፊት ቆሟል፣ የነሐስ ቁጥሮች ከተሰቀሉበት።
«ኢድዋል፣ ቆጥሬ ቆጥሬ አንድ ሰው ጎደለኝ።»
ዞር እንኳ ሳይል፣ «እኛንም ይቆጥሩን ነበር» አለኝ።
«ሲወርድ እያንዳንዱ ቁጥሩን ይወስዳል፤
ሲወጣ ይሰቅላል፤ ሚስማሩ ይሞላል።
ማታ ላይ አንድ ሚስማር ባዶውን ካደረ…»
አልጨረሰውም። ጣቱን ብቻ ሰደደ፤
«እዚህ ጋ፣ ኤምሊን፣ ወንድሜ። ጠዋት ወረደ።»

ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤
«ያኔ እንድወርድበት ይከፍሉኝ ነበረ፤
ዛሬ ከፍዬ ገባሁ። ዓለም ተቀየረ።»

ለዚህ ቦታ ያጠናሁት ሃያ ደቂቃ ነበር፤
ጥልቀቱ፣ ዓመቱ፣ የጋሪው ቁጥር።
አንዱንም አላልኩም። የታጠፈውን ሽቦ
በወፍራም ጣቶቹ አቀናልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አስቦ።
ጃንጥላውን ግን አልመለሰም፤ ይዞ ወጣ ወደ ዝናቡ፤
ዳኛው ሳይቀር፣ የእኔ ሰዎች ሁሉ እሱን ከበቡ።
ፊሊስ ጠየቀችው፤ «ታች በጣም ይጨልማል?»
«መብራቱ ከጠፋ፣ እመቤቴ፣ የራስሽ እጅ የማን እንደሆነ ይጠፋሻል።»

ዓርብ ወደ ሰሜን። ሐይቅ። በግ። የድንጋይ አጥር።
ቴሬንስ ሞተር ሲያስነሳ ቆምኩኝ ለመቁጠር።
በስም ልሞክረው አልኩ፤ ዘጠኙን ሳትኩት፤
ማቪስን ፊሊስ አልኳት፤ ሳቁ፤ የቀላ ፊቴን በዝርዝሩ ሸፈንኩት።
ኋላ ወንበር ስደርስ ጃንጥላዬን ጉልበቱ ላይ አያለሁ፤
ጣቱን ያወጣል፣ ስሙን ሳልጠራው፤
«አራት መቶ አሥራ ሁለት» ይለኛል፤ «ወጥቻለሁ።»